ለአንድ የጎማ ቀለበት አሜሪካ ድረስ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ከሐዋሳ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አነበብኩ። ጸሐፊው ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃዱ በስማቸው የዞረ ሬሚንግተን 1100 ሾትገን አላቸው። ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ተበጠሰችባቸው። ሐዋሳ ጠየቁ፤ የለም። አዲስ አበባ ሰው ልከው አስጠየቁ፤ የለም። በስተመጨረሻ አሜሪካ ያለ የእህታቸው ልጅ ገዝቶ ላከላቸው። የዕቃው፣ የመላኪያው፣ የምኑም የምናምኑም ተደማምሮ ስንት እንደወጣ ሲዘረዝሩ «ኧረ በስመ አብ!» ነው ያልኩት። ያ ሁሉ ወጥቶበት የመጣው ዕቃ ደግሞ ሌላ ሆኖ አረፈው። ደብዳቤያቸውን የጨረሱት «በዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም» ብለው ነው።

አለ። አዳማ አለ። እኔ ሱቅ ቢያልቅ ጎረቤቴ ጋ አለ። ሐዋሳም እንዳለ አልጠራጠርም። እርሳቸው ያጡት ቀለበቷን ሳይሆን የሚጠየቅበትን መንገድ ነው። ጥፋቱም የእርሳቸው አይደለም፤ የእኛ የነጋዴዎቹ ነው። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

እኔ አዳማ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ሲል (ማሸጊያ)፣ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት)፣ ፓራኦሊዮ፣ የፍሬን ጎሚኒ፣ ጓርኒሲዮን እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የሲኖትራክና የኤፍ.ኤስ.አር ሾፌሮች፣ የእስካቫተር ኦፕሬተሮች፣ የነዳጅ ፖምፓ ባለሙያዎች ናቸው። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል። ጠመንጃ አልሸጥም፤ አልጠግንም። ታዲያ ስለ ሾትገን ከየት አወቅሽ ብትሉ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የውጭ አገር አዳኞችን ለሚያስተናግድ ድርጅት ሾፌርም መካኒክም ነበር። ሙኔሳ፣ አርሲ፣ ባሌ ተራራ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። እንግዶቹ ለትልልቁ አውሬ የራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። ለቆቅና ለጅግራ ግን የካምፑ ሾትገን ነበረች፤ ያችው 1100። ቀለሁን አልተፋም ስትል መጀመሪያ የሚሰደበው እሱ ነው። ስለዚህ ወደ ካምፕ ከመውጣቱ በፊት የእኔን መሳቢያ ከፍቶ ኦሪንግ መርጦ ኪሱ ይከታል። ከፍሎኝ አያውቅም።

ቀለበቷ ምን እንደምትሠራ ላልገባቸው አንባቢዎች ላስረዳ። ሬሚንግተን 1100 እ.ኤ.አ. በ1963 ገበያ የወጣ፣ በጋዝ ጉልበት በራሱ የሚጎርስ ሾትገን ነው። ሲተኮስ ከበርሜሉ ሥር ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ጥቂት ጋዝ ያመልጣል። ያ ጋዝ ከፊት መያዣው እንጨት ሥር ያለውን ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉ መዝጊያውን ይገፋል። ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ተከታዩ ይጎርሳል። የጎማዋ ቀለበት የምትቀመጠው ጥይት በሚይዘው ቱቦ ላይ፣ ለእሷ ተብሎ በተቀደደ ቦይ ውስጥ ነው። ሥራዋ ጋዙ ወደ ፊት እንዳያፈተልክ መዝጋት ነው፤ ሌላ የለባትም። እሷ ስትበጠስ ጠመንጃው መተኮሱን ይተኩሳል። ግን ቀለሁን አይተፋም፤ ወይ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሰዋል። የፊት እንጨቱን ብትፈቱት ውስጡ ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ።

አሁን የሐዋሳው አንባቢ የተላከላቸው ምን እንደሆነ ከደብዳቤያቸው ገብቶኛል። «የብረት ቀለበት ላኩልኝ» ብለዋል። እሱ «ፒስተን ሲል» የሚባለው ነው። ፋብሪካው ሲል ብሎ ስም አወጣለት እንጂ ብረት ነው፤ ከፒስተኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይበላሽም። የጎማዋ ስም «ባረል ሲል» ነው። ልጁ «ሲል» ሲባል መጀመሪያ ያየውን ገዛ። ደግሞም የጠመንጃ ዕቃ ከአገር አገር መላክ በራሱ ፈቃድና ጣጣ ያለበት ነገር ነው። የብረቷን ቀለበት ግን አይጣሏት፤ አንድ ቀን ትፈለግ ይሆናል።

«ኦሪጅናል ካልሆነ አይሠራም» የሚል ምክር ከአንድ ጠጋኝ እንደተሰጣቸውም ጽፈዋል። ይህ ኦሪጅናል የሚሉት በሽታ ገበያችንን ይዞታል። የሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 ኪሳራ አውጆ ብራንዱና ንብረቱ ተቆራርጦ ለተለያዩ ገዢዎች ተሸጧል። በኒው ዮርክ ግዛት ኢሊዮን በምትባል ከተማ የነበረው ጥንታዊ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል። ታዲያ የትኛውን ኦሪጅናል ነው የምንጠብቀው? ለፒስተን፣ ለመዝጊያ፣ ለቃታ ዕቃዎች ኦሪጅናል ማለት ትርጉም አለው። ቀለበት ግን ቀለበት ነው። ልኩና የተሠራበት ጎማ ትክክል ከሆነ የማን ጠመንጃ ውስጥ እንደገባ አያውቅም።

ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ። አንድ ሰው መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የምን መኪና ነው?» የሚል ነው። የመኪናው ስም ከተነገረን እጃችን በራሱ መደርደሪያው ላይ ይሄዳል። የመኪና ስም ካልሆነ እጃችንም አይንቀሳቀስም። «የሾትገን» ያለ ሰው «የለም» ተብሎ ይሸኛል። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ እንኳ አያነሳም። የስፌት ማሽን፣ የቡና ማሽን፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ የከብት መርፌ፣ ሁሉም ኦሪንግ አለው፤ ሁሉም «የለም» ይባላል። ልጁ እግሩ ሥር የእስካቫተር ኦሪንግ የሞላ ሳጥን እያለ ነው የለም የሚለው።

መጠየቅ ያለበት በልክ ነው። ኦሪንግ ሁለት ልክ አለው። አንዱ የውስጡ ስፋት ነው፤ ሌላው የጎማው ውፍረት። ውፍረቱ እንደፈለገ አይሠራም። በአሜሪካኑ ደረጃ ውፍረቱ 1.78፣ 2.62፣ 3.53፣ 5.33 እና 6.99 ሚሊሜትር ነው። በጃፓኑ የፒ ተከታታይ ደግሞ 1.9፣ 2.4፣ 3.5 እና 5.7 ነው። አዳማ ውስጥ የጃፓን መኪናና የጃፓን እስካቫተር ስለሚበዛ መሳቢያችን ውስጥ የሚበዛው የጃፓኑ ልክ ነው። ጠመንጃው ግን አሜሪካዊ ነው። ስለዚህ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ መጀመሪያ መሄድ የሚሻለው የአሜሪካኑን የካተርፒላር ማሽን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። እነሱ ጋ በኢንች የተሠራው አይጠፋም። በዓይን ሲታይ 2.4 እና 2.62 መንታ ናቸው። ጋዙ ግን ይለያቸዋል።

አንድ ከሰዓት የሆነውን ልንገራችሁ። ከቆቃ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለሾትገናቸው ቀለበት ፈልገው ሱቄ ገቡ። ሽንኩርት ያመርታሉ፤ ጉማሬና ከርከሮ ሌሊት እየገባ ያስቸግራቸዋል። ሾትገናቸውን የሚተኩሱት ወደ ሰማይ፣ ለማስደንበር ነው። በእጃቸው በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነበር። ባንኮኒው ላይ አጋድመው ጆንያውን ሲገልጡት የጠመንጃ በርሜል! ረዳቴ ባንኮኒ ሥር ገባ። በር ላይ ባጃጁን አቁሞ ካንዴላ ሲገዛ የነበረው ልጅ ካንዴላውን ትቶ ላጥ አለ። እኔ ካርቶን ከፈትኩና በርሜሉ ላይ ከደንኩበት። «ኦቦ፣ ይጠቅልሉና ወደ ቤትዎ ይመልሱልኝ። ይሄ ገበያ ነው። ፖሊስ ቢያይ ምን ይላል? ቀለበቷን ብቻ በወረቀት ጠቅልለው ይምጡ» አልኳቸው። ተቀየሙ። «በርሜሉ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሰደፍ የለው፣ ቃታ የለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ይህን ለጎዳናው ሁሉ ማን ያስረዳል?

በማግስቱ ቀለበቷን በክብሪት ቀፎ ይዘው መጡ። ገለበጥኳት። በአንድ በኩል ክብ፣ በሌላው ጠፍጣፋ ሆናለች። በጥፍሬ ስጫናት አልሰረጎደችም፤ እንደ ፕላስቲክ ደርቃለች። የተበጠሰችበት ቦታ በአግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው፤ ዳሩ በጋዝ ተልጦ ያብለጨልጫል። የተሰነጣጠቀችው ግን ጋዙ በማይነካት በውጭው በኩልም ነው። ያ የመተኮስ ሳይሆን የዕድሜ ነው። ተወጥራ የተቀመጠች ጎማ ባትሠራም ታረጃለች፤ የእኛ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያፋጥንላታል። ሽማግሌው በዓመት ውስጥ የተኮሱት በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው። «ሳልጠቀምባት እንዴት ተበላሸች?» ማለታቸው ለዚህ ነው።

የተበጠሰ ቀለበት እንዴት ይለካል? ይህን ብዙ መካኒክም አያውቀውም። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ነው፤ ሳይስቡት። ርዝመቱን መለካት። ለ3.14 ማካፈል። ከተገኘው ላይ የጎማውን ውፍረት መቀነስ። የቀረው የውስጡ ስፋት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ርዝመቱ 94.2 ሚሊሜትር ቢሆን ለ3.14 ሲካፈል 30 ይመጣል። ውፍረቱ 2.6 ከሆነ የውስጡ ስፋት 27.4 ነው። (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ የጠመንጃው ልክ አድርጋችሁ እንዳትገዙበት።) ውፍረቱን በካሊፐር (መንጋጋ ባለው የጥቃቅን ልክ መለኪያ) ስትለኩ ጎማውን አትጭመቁት። ከተጠፈጠፈው ጎን ሳይሆን ክብነቱን ካልለቀቀው ጎን ለኩ።

ያረጀች ቀለበት ግን ትዋሻለች። ዘይት ጠጥታ አብጣ ሊሆን ይችላል፤ ደርቃ ተኮማትራም ሊሆን ይችላል። የማይዋሸው ብረቱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ በርሜሉን ፈትቶ፣ ቀለበቷ የምትቀመጥበትን ቦይ መለካት ይሻላል፤ ቦዩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያለውን የቱቦውን ውፍረት፣ የቦዩን ስፋት፣ ጥልቀቱን። አዲሷ ቀለበት ከቦዩ ትንሽ ጠበብ ብላ፣ ለጠቅ ብላ መግባት አለባት፤ መለጠጧ ከመቶ አምስት እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፎ መምጣት ነው። ቁጥር ይዞ የመጣ ደንበኛን «የለም» ብሎ መመለስ ለእኛም ያሳፍራል።

ቀጥሎ ጎማው ከምን ተሠራ የሚለው ይመጣል። ገበያው የሚደብቀውም እዚህ ላይ ነው። ተራው ጥቁር ኦሪንግ ኤን.ቢ.አር ወይም ናይትራይል የሚባለው ነው። ዘይት ይችላል፤ ሙቀት እስከ 100 ዲግሪ እና ትንሽ አለፍ ብሎ ይችላል። ሾትገን ውስጥ ይሠራል። ለጊዜውም ቢሆን ጥሩ ይሠራል። ባለቤቴ አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብኝ እሱን ነው። ከእሱ የሚሻለው ቫይተን ነው፤ በኬሚካል ስሙ ኤፍ.ኬ.ኤም። እስከ 200 ዲግሪ ይችላል፤ ቤንዚንም፣ አብዛኛው የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽም አይበግረውም። የነዳጅ ኢንጀክተር ላይ የሚገባው እሱ ነው፤ የፖምፓ ባለሙያዎች ከእጃቸው አይለዩትም። ዋጋውን ካነሳን፣ እኔ ሱቅ በዚያ ስፋት ጥቁሩ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ቫይተኑ ሦስት አራት እጥፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፤ አልዋሽም። ቢጨምርም ግን አሜሪካ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም።

የፍሬን ጎሚኒ ውስጥ ያለችውን ቀለበት አውጥቶ ሾትገን ውስጥ የሚከት ሰው አጋጥሞኛል። ይህን አታድርጉ። የፍሬን ጎማ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው። ተራ የማሽን ዘይት ወይም ግሪስ ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ከቦዩ ይወጣል። ጠመንጃ ደግሞ ዘይት ይቀባል።

አሁን የሆዴን ልናገር። ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ አንድ ጅምላ ሻጭ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቡናማ ኦሪንግ በትልቅ ፌስታል አምጥቶ «ቫይተን ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ፌስታሉ ላይ ልክ አልተጻፈ፣ የጎማው ዓይነት አልተጻፈ፣ አገሩ አልተጻፈ። ቡናማ ስለሆነ ብቻ ቫይተን ተባለ። ቀለም ምንም አያሳይም። ጥቁር ቫይተን አለ፤ ቡናማ ሲሊኮንም አለ። እኔ ልማዴ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ አንዷን ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ጨምሬ አሳድራታለሁ። ቫይተን ከሆነች እንደገባች ትወጣለች። ጠዋት ከአጠገቧ ካለችው ጓደኛዋ ጋር ሳስተያያት ያቺ ቀለበት ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ ሰፍታለች። በጥፍር ስነካት ተገመሰች። ሲሊኮን! ስልክ ደወልኩ። «ማዘር፣ ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለኝ። እየሳቀ። አልመለሰልኝም።

ማን ያውቃል ማለቱ ነው ያናደደኝ። ሾትገን ውስጥ ብትገባ በጥቂት ተኩስ ትቀደዳለች፤ ሰውየው ቢበዛ ጉማሬውን ማስደንበር ያቅተዋል። ኢንጀክተር ላይ ብትገባ ግን ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። መኪናው ይቃጠላል። ያኔም «ማን ያውቃል» ሊባል ነው?

ስለዚህ ለአስመጪዎችና ለጅምላ ሻጮች አንድ ጥያቄ አለኝ። ፌስታሉ ላይ ጻፉልን። የውስጥ ስፋት፣ ውፍረት፣ የጎማው ዓይነት። ሦስት መስመር ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ተጽፎበት ነው የሚወጣው፤ እዚህ መጥቶ ነው ተዘርግፎ፣ ተቀላቅሎ፣ በኪሎ የሚሸጠው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ናይትራይሉ፣ ሲሊኮኑ፣ የኤሲው አረንጓዴ ሁሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን እንደ ንፍሮ። እኛ ቸርቻሪዎቹም ከነፌስታሉ እናስቀምጥ፤ ልጆቻችንን ካሊፐር እናስይዝ። ጥራት ተቆጣጣሪዎቹ ዘይትና ሳሙና እንደሚያዩ ሁሉ ይህንንም አንድ ቀን ቢያዩልን ደስ ይለኛል።

ስለ መፈተኛው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን እባካችሁ አውጡልኝ። ጋራዥ ውስጥ ልጆች ቫይተን መሆኑን ለማወቅ ላይተር ያስነኩታል። አታድርጉ! ቫይተን ከልክ በላይ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሳንባ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ያረፈውም ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። የተቃጠለ ሞተር ስትፈቱም ቀልጦ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ ኦሪንግ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። ቤንዚኑ ይበቃል። እሱንም ቢሆን ከሲጋራና ከከሰል ርቃችሁ።

ቀለበቷን ማስገባት ቀላል ነው። ቦዩን ከጥላሸት ማጽዳት፣ ቀለበቷን ጣት ላይ ባለ ዘይት ማራስ፣ ሳትጠማዘዝ ማንሸራተት። በካቻቪቴ ጫፍ የሚያስገባ ሰው ይቀድዳታል፤ የተቀደደች ቀለበት ደግሞ ከዚያችው ቦታ ትበጠሳለች። በርሜሉ ሲመለስ አልገባም ካለ አታስገድዱት። ወይ ቀለበቷ ወፍራም ናት፤ ወይ ከቦይዋ ወጥታለች።

ደግሞ ቀለህ ያልተፋ ሁሉ ቀለበቱ ተበጠሰ ማለት አይደለም። ባለቤቴ መጀመሪያ የሚያየው የጋዝ ቀዳዳዎቹን ነበር። በጥላሸት ከተደፈኑ አዲስ ቀለበት ምንም አታደርግም። ቀለል ያለ ጥይትም በቂ ጋዝ ላይሰጥ ይችላል። ሰደፉ ውስጥ ያለው መላሽ ሞላ ከዛገም ያው ነው። ቀለበቷ ደኅና ሆና እነዚህ ናቸው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት። የሐዋሳው አንባቢ ግን ቀለበቷን ለሁለት ተከፍላ ስላገኟት የእርሳቸው ጉዳይ ግልጽ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልረሳ። «ለሾትገን» ተብሎ የሚጠየቀው ሁሉ 1100 አይደለም። አንድ ደንበኛ የቤልጅግ ሥራ የሆነ የድሮ ብራውኒንግ ኦቶ-5 ቀለበት ፈልጎ ብዙ አድክሞኛል። ያ ጠመንጃ ጋዝ አይጠቀምም። ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በቤልጅጉ ኤፍ.ኤን ፋብሪካ የተሠራ ነው። ሲተኮስ በርሜሉ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ውስጡ ያለችው ቀለበት ብረት ናት፤ ከነሐስ ማቆሚያ ጋር ተባብራ የበርሜሉን ፍጥነት ትይዛለች። ለከባድ ጥይት ከሞላው ፊት፣ ለነሐሱ ተጠግታ ትቀመጣለች፤ ለቀላል ጥይት ወደ ሞላው ኋላ ትዛወራለች። ቀለበቷን ለቀላል ጥይት አስቀምጦ፣ ተሳስቶ ከባድ ጥይት የተኮሰ ሰው የፊት እንጨቱን ይሰነጥቃል። ለእሱ ጎማ ብትሸጡለት ገንዘቡን በላችሁ ማለት ነው።

ስለ ሕጉም በአጭሩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ፈቃዱ ያልታደሰ ወይም በሟች ስም የቀረ ጠመንጃ ያለው ሰው ከቀለበቱ በፊት ፈቃዱን ቢያስተካክል ይሻለዋል። የዱር እንስሳት አዋጅም አለ። ቀለበቷ ገባች ማለት ቆቁ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ይህን የምለው ሽንኩርቱ የተበላበትን ሰው ሐዘን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ጉማሬም ግን የሚጠበቅ እንስሳ ነው።

የሐዋሳው ወንድሜ ቁጥራቸውን በዚሁ ዓምድ ቢጽፉ፣ እኔም ሌሎች ነጋዴዎችም እናየዋለን። ሲገዙ ሁለት ይግዙ። ትርፏን ከነወረቀቷ በጨለማ መሳቢያ ያስቀምጧት፤ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ፣ ተለጥጣ ወይም ፀሐይ እያያት አትቀመጥ። ወረቀቱ ላይ የተገዛችበትን ወር ይጻፉበት። ጎማ ስትገዛ ዕድሜዋን የሚጠይቅ ሰው ገና አልገጠመኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት፣ ከአዳማ